የሁለት አገር ወላጆች ልጅና የመጀመሪያይቱ ወረቀት

መንገደኛ በቀድሞ ዘመን ከቤቱ ሲነሣ የሚያዘጋጀው ስንቁን፣ በቅሎውንና የሚያጅበውን ሰው ነበረ። በዛሬው ዘመን ግን ከስንቅም ከመጓጓዣም አስቀድሞ የሚፈለገው ወረቀት ነው። ፓስፖርት የሌለው ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያው በር አያልፍም፤ ፓስፖርት ያለውም ቢሆን የሚሄድበት አገር ቪዛ የሚጠይቅ ሲሆን ቪዛውን ካላገኘ ከመንገዱ ይመለሳል። ይህ ሥርዐት ለሰው ሁሉ የሚከብድ ነው፤ አባቱና እናቱ የተለያየ አገር ዜጎች ለሆኑበት ልጅ ግን ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። አንዱ መንግሥት ልጁን የወዲያኛው አገር ነው ሲለው፣ ያኛውም የወዲህኛው ነው ብሎ ሊመልሰው ይችላልና። እንዲህ ሲሆን ሁለት አገር ሊኖረው የተገባው ሕፃን አንድም አገር እንደሌለው ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ካለው ጭንቅ ልጁን የሚያድነው ትልቁ ነገር በኤምባሲ የሚሰጠው ቪዛ አይደለም። በተወለደ ጊዜ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስለ እርሱ የሚጻፈው የመጀመሪያው መስመር ነው። በዚያ መስመር የእናቱና የአባቱ ስም፣ የእያንዳንዳቸውም ዜግነት በትክክል ከተጻፈ፣ ኋላ የሚመጣው ወረቀት ሁሉ በርሱ ላይ ይቆማል። ያ መስመር ሳይጻፍ ከቀረ ወይም ተሳስቶ ከተጻፈ ግን፣ ኋላ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ቢወጣበት እንኳ ማቃናቱ አስቸጋሪ ነው።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ በኤምባሲዎች ደጅ ብቻ የሚገኝ ለሚመስለው ሰው፣ በሰሜን ተራራ ሥር በዳባትና በደባርቅም እንዳለ ማስታወስ ይገባል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ወደ ድብ ባሕር፣ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ፣ ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ የሚዘልቀው ጐዳና፣ ከጥንት ጀምሮ የደጋውን ሰው ከባሕሩ ጠረፍ ሰው ጋራ ሲያገናኝ የኖረ ነው። ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ስደተኛውም ወጥቶበታል፤ ወርዶበታልም። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ በሕዝብ ድምፅ ራስዋን የቻለች መንግሥት በሆነች ጊዜ፣ ሲጋቡና ሲዋለዱ የኖሩት ሰዎች የሁለት አገር ዜጎች ሆኑ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ብዙ ቤተ ሰቦችን ለያየ። በ2010 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የተደረገው ስምምነት የተለያዩትን አገናኝቶ ነበር፤ ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. በመስከረም የተከፈተው የጠረፍ መንገድ ብዙ ሳይቈይ ተመልሶ ተዘጋ። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ፣ በትግራይ በማይ ዐይኒና በዓዲ ሓሩሽ ጣቢያዎች ይኖሩ የነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች በጦርነቱ ምክንያት ከዚያ ተነሥተው፣ በዳባት አጠገብ በአለምዋጭ በተዘጋጀላቸው ጣቢያ እንዲቀመጡ ተደረገ።

ሰው በተቀመጠበት ስፍራ ጐረቤት ያፈራል፤ ጐረቤትም ይጋባል፤ የተጋባም ይወልዳል። እናቱ የዳባት ተወላጅ፣ አባቱ የኤርትራ ሰው የሆነ ሕፃን ሲወለድ፣ ይህ ልጅ የማን ዜጋ ነው፣ ምን ወረቀትስ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ከቀበሌው ጸሓፊ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ጥያቄው የሚወድቀው ከሁሉ በፊት በዚህ ሰው ላይ ነው፤ ሚኒስትሩና አምባሳደሩ የሚያዩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የሰሜን አገር እንዲህ ያለውን ቤተ ሰብ ያየው ዛሬ ብቻ አይደለም። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር በ1829 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በደጃዝማች ውቤ ዘመን በሰሜን ተራሮች ላይ ብዙ ዕፀዋት ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ላከ፤ ኢትዮጵያዊት ሴት አግብቶ ልጆች ወልዶ ኑሮውን በዚህችው አገር አደረገ። የአገሩ ልጅ ኤድዋርድ ዛንደርም ደጃዝማች ውቤ በደረስጌ ያሠሩት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የረዳ ሰው ነው፤ እርሱም ኢትዮጵያዊት አግብቶ ወልዷል። ይህችም ደረስጌ ማርያም ደጃዝማች ውቤ ድል ከሆኑ በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም. በየካቲት ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑባት ናት። እንዲሁም የእንግሊዛዊው የጆን ቤልና የኢትዮጵያዊት ሚስቱ ልጅ ሱዛን ቤል፣ ከአውሮፓ የመጣውን ሚስዮናዊ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን አግብታ፣ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ከባልዋ ጋራ ከአገር ወጥታ በሊባኖስ ኖረች።

በዚያን ዘመን ለነዚህ ልጆች ወረቀታቸው የጌታው ቃልና የሚያውቃቸው ሰው ምስክርነት ነበረ። በየኬላው የሚጠይቃቸው ቢኖር የእገሌ ልጅ ነው ብሎ የሚመሰክርላቸው አይጠፋም ነበር። ዛሬ ግን በሩቅ አገር በመስኮት በስተኋላ የተቀመጠው ሹም የዳባትን ሰው አያውቅም፤ ምስክር ልጥራ ብትለውም እናቲቱን አይሰማትም። እርሱ የሚያውቀው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ብቻ ነው። በዚህም አይነቀፍም፤ ሥራው ነውና። ስለዚህ ወረቀቱን ማዘጋጀት ልጁ ከተወለደበት አገር ሹም የሚጠበቅ ዕዳ ነው።

ሕጉን በተመለከተ የኢትዮጵያ ሕግ ለእንዲህ ያለው ልጅ የጐደለ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደውን ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ የውጭ አገር ሰው በሕግ ያገባች ኢትዮጵያዊት፣ የባልዋ አገር ሕግ ዜግነቱን የሚሰጣት ከሆነ የራስዋን ታጣ ነበር። ከዚህ ጋብቻ የተወለደውም ልጅ ኢትዮጵያዊነቱን ለመያዝ ሲፈልግ፣ በኢትዮጵያ መኖሩንና ከአባቱ ዜግነት ፈጽሞ መለየቱን ማስረዳት ነበረበት። ኢትዮጵያዊው ወንድ የውጭ አገር ሴት ቢያገባ ግን ሚስቱ ወደ እርሱ ዜግነት ትገባለች እንጂ እርሱ የሚያጣው ነገር አልነበረም። ሚዛኑ ለአባት ያዘነበለ ነበረ ማለት ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ሚዛን አስተካከለ። በ6ኛው አንቀጽ ከወላጆቹ ሁለቱም ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆነለት ሰው፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ተደነገገ። በ33ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያዊ ወንድም ሆነ ኢትዮጵያዊት ሴት የውጭ አገር ዜጋ በማግባት ዜግነታቸውን እንዳያጡ ተወሰነ። በ36ኛው አንቀጽ ደግሞ ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ሕፃናትን በሚመለከት ነገር ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ታዘዘ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ዐዋጅ ቁጥር 378ም ይህንኑ አጸና። እንግዲህ የዳባቲቱ እናት ልጅ ከተወለደ ጊዜ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው። የአባቱ ስደተኛ መሆን፣ የአባቱ አለመገኘት፣ አባቱም ከማን አገር መምጣቱ ይህን አይሽረውም። ቀበሌው ለልጁ ዜግነት አይሰጠውም፤ ከእናቱ ያገኘውን ዜግነት ይመሰክርለታል እንጂ።

ሆኖም ሕጉ ለልጁ የሰጠውን ነገር ልጁ በእጁ የሚይዘው በመዝገብ ሲጻፍ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በመላው አገር በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። ልደት በተወለዱበት በ90 ቀን ውስጥ፣ ጋብቻም በ30 ቀን ውስጥ በክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንዲጻፍ ዐዋጁ ያዝዛል። ልደቱን የማስመዝገብ ግዴታም በአባት ወይም በእናት ላይ ነው ይላል። «ወይም» የሚለውን ቃል ሹሞች በልባቸው ሊያኖሩት ይገባል። እናት ልጅዋን ታቅፋ ከጽሕፈት ቤቱ ስትደርስ፣ አባቱን ካላመጣሽ አልጽፍም የሚላት ጸሓፊ ቢኖር፣ ሕግ ያልጠየቀውን ጠይቆ ሕግ የሰጠውን መከልከሉ ነው። ልማድ ልጅን በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ የአባቱ አገር የልጁም አገር ይመስላል። ልማድ መልካም ነው፤ በሕግ ፋንታ ሲገባ ግን ይጐዳል።

በስደተኞች በኩልም ሕጉ ክፍት ሆኗል። የምዝገባውን ዐዋጅ ያሻሻለው ዐዋጅ ቁጥር 1049 በ2009 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀምሮ በስደተኞች ጣቢያ የሚወለዱ ልጆች፣ የሚደረጉም ጋብቻዎች በክብር መዝገብ ይጻፋሉ። የስደተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1110ም በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ መብታቸውን አሰፋ። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አባቱ ስደተኛ የሆነ ሕፃን በአባቱ በኩል በስደተኞች መዝገብ ብቻ ቢጻፍ፣ በእናቱ በኩል ያለው ኢትዮጵያዊነቱ ተሸፍኖ ይቀራል። ኋላም ፓስፖርት ሲጠይቅ የስደተኛ ልጅ ነህ ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቱ የእናቱን ዜግነት በግልጥ እንዲይዝ ማድረግ የወላጆቹም የሹሙም ፋንታ ነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሁለት ሰዎች ሲጋቡ ከውጭ አገር የመጣው ሰው ሚስት ወይም ባል የሌለው መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ከአገሩ ኤምባሲ እንዲያመጣ መጠየቅ የተለመደ ነው። ለነጋዴውና ለጐብኚው ይህ አይከብደውም። ከአገሩ መንግሥት ሸሽቶ የመጣውን ሰው ግን ወደዚያው መንግሥት ደጅ ሂድ ማለት አይገባም። ኢትዮጵያ በ1962 ዓ.ም. የገባችበት የ1951 እ.ኤ.አ. የጄኔቭ ስምምነት በ25ኛው አንቀጽ፣ ስደተኛ ከአገሩ ሹሞች ሊያገኘው የማይችለውን ወረቀት የተቀመጠበት አገር እንዲሰጠው ያዝዛል፤ በ28ኛው አንቀጽም ስለ ጉዞ ሰነድ ይናገራል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሰው ማስረጃውን መጠየቅ የሚገባው ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው።

አሁን ደግሞ ወረቀቱ በውጭ አገር ሹም ፊት ሲቀርብ የሚሆነውን መመልከት ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ልማድ ሴት ብታገባ የአባትዋን ስም አትለውጥም፤ ልጅም በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። በኤርትራም ልማዱ ይኸው ነው። እንግዲህ እናት፣ አባትና ልጅ ፓስፖርታቸውን በአንድ ላይ ሲያቀርቡ የእናቲቱ ስም ከልጅዋ ስም ጋራ በአንድ ፊደል እንኳ አይገናኝም። ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ስም በሚጠራበት አገር ያደገው ሹም ይህን ሲያይ፣ ይህች ሴት በእውነት እናቱ ናትን ብሎ ይጠራጠራል። ጥርጣሬውን የሚያስቀርለት የእናቲቱን ስም የያዘው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋራ ብቻ ሲጓዝም ብዙ አገሮች የሌላውን ወላጅ የስምምነት ቃል ስለሚጠይቁ፣ ያ ወላጅ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከዚሁ ወረቀት ነው።

የቀን አቈጣጠርም ያሳስታል። በኢትዮጵያና በአውሮፓ ዘመን መካከል ያለው ልዩነት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ጊዜ ቀኑ በአንድ እንደሚገፋ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቈጣጠር መስከረም 12 ቀን 2019 ይወለዳል እንጂ 11 አይደለም። በአንዱ ወረቀት 11፣ በሌላው 12 ተብሎ ቢጻፍ፣ ለቀበሌው ትንሽ ስሕተት የሚመስለው ነገር በኤምባሲ ሁለት ልጅ ያስመስላል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአባቱ መታወቂያ ካለው አጻጻፍ ጋራ አንድ ካልሆነ፣ አባትና ልጅ በወረቀት ባዕድ ይሆናሉ።

የዚህ ነገር ዋጋ የሚታወቀው አባት ቀድሞ ወደ ሦስተኛ አገር በሄደ ጊዜ ነው። በካናዳ ሥርዐት አንድ ስደተኛ ወደዚያ ሲሄድ ስማቸውን አስቀድሞ የገለጠላቸው ሚስቱና ልጆቹ እንዲከተሉት በልዩ መንገድ ሊያመለክት የሚችለው እስከ 1 ዓመት ድረስ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያም፣ ስደተኛው ጥገኝነት ካገኘ በ3 ወር ውስጥ ማመልከቻው ካልቀረበ፣ አባል አገሮች ስለ መኖሪያ ቤትና ስለ ገቢ የሚጠይቁትን እንዲጠይቁ ይፈቅድላቸዋል። ያው መመሪያ ወረቀት ስለ ጐደለ ብቻ ማመልከቻ እንዳይጣል ቢያዝም፣ ወረቀት የሌለው ሰው በደም ምርመራና በቃል ጥያቄ ሲመላለስ ጊዜው ያልፋል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ከ700 ይበልጣል። ለአንድ ማኅተም ይህን መንገድ ሕፃን አዝላ የምትመላለስ እናት በየጊዜው የምታወጣው ገንዘብ የዓመት ቀለብዋ ነው። በ90 ቀን ውስጥ የተጻፈ አንድ መስመር ይህን ሁሉ ባስቀረላት ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

ልጁ ሲያድግ የሚመጣም ቀን አለ። ኤርትራ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የዜግነት ዐዋጅ ከኤርትራዊ አባት ወይም እናት የተወለደውን የራስዋ ዜጋ አድርጋ ትቈጥራለች፤ ሌሎች ብዙ አገሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ኢትዮጵያ ግን ሁለት ዜግነት በአንድነት መያዝን አትፈቅድም። ስለዚህ የዐዋጅ ቁጥር 378 20ኛው አንቀጽ፣ ከውጭ አገር ወላጅ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ በ1 ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጥረዋል። ይህን ሳያውቅ 19 ዓመቱን የሚያልፍ ወጣት ሳያስበው ከአገሩ ይወጣል። የልደት ምስክር ወረቀት በሚሰጥበት ቀን ጸሓፊው ይህን አንድ ነገር ለወላጆቹ ቢነግራቸው፣ ደመወዙ ሳይጨመርበት የሚሠራው ትልቅ ቸርነት ነው።

እዚህ ላይ የካህናት ድርሻ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለዚህ ነገር ባዕዳን አይደሉም። በክብረ ነገሥት እንደሚነገረው፣ ቀዳማዊ ምኒልክ እናቱ የኢትዮጵያ ንግሥት፣ አባቱ የእስራኤል ንጉሥ ነበሩ፤ ወደ ኢየሩሳሌም በሄደ ጊዜም አባቱ ለእናቱ የሰጣትን ቀለበት ለምልክት ይዞ ሄደ። የንጉሥ ልጅ እንኳ ምልክት ሳይዝ መንገድ አልተነሣም። ጢሞቴዎስ ከአይሁዳዊት እናትና ከግሪካዊ አባት የተወለደ መሆኑን፣ በእናቱና በአያቱ ሃይማኖት ማደጉንም መጽሐፍ ይናገራል። ቅዱስ ጳውሎስም ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ፣ ሲወለድ ጀምሮ ሮማዊ መሆኑን ተናግሮ ከግርፋት ዳነ። ዜግነት የሥጋ ነገር ነው ተብሎ የሚናቅ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ሕጉ ለምዝገባ የሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። እንግዲህ ሁለቱም ጥምቀቶች በሕጉ ቀን ውስጥ ይውላሉ፤ ለወንዱ 50 ቀን፣ ለሴቲቱ 10 ቀን ይተርፋል። ወላጆችና የክርስትና አባት ወይም እናት ሁሉ በአንድ ላይ የሚገኙበት ቀን ከዚህ ሌላ በቀላሉ አይገኝም። በዚያ ቀን የነፍስ አባቱ፣ ልጃችሁን በሰማይ መዝገብ አስጽፋችኋል፤ አሁን ደግሞ ወደ ቀበሌው ሂዳችሁ በምድሩ መዝገብ አስጽፉት ቢል፣ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማል። ጋብቻ ሲባርክም በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ቢያሳስባቸው፣ ኋላ ለሚወለደው ልጅ መንገድ መጥረጉ ነው። በእስልምናም ለሕፃኑ ስም በሚወጣለት በ7ኛው ቀን ሼኾች ይህንኑ ቢያስታውሱ መልካም ነው።

አንዳንድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የክርስትና ምስክር ወረቀት ይበቃል ይል ይሆናል። ይህ ወረቀት የተከበረ ነው፤ የልደቱ ማስረጃ በጠፋበት ጊዜም ይረዳል። ነገር ግን የክርስትና ስም የያዘ ወረቀት በፓስፖርቱ ካለው ስም ጋራ ሳይስማማ ሲቀር ጥርጣሬ ያመጣል እንጂ አያጠፋም። ስለዚህ ካህኑ በወረቀቱ ላይ ከክርስትናው ስም ጋራ የመዝገቡን ስም፣ የእናቱንም ሙሉ ስም ቢጽፍበት ሁለቱ ወረቀቶች ይደጋገፋሉ።

ሹሞችም የሚፈሩት ነገር አለ፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ወደ ውጭ ለመሄድ ሲሉ የሐሰት ጋብቻ የሚያደርጉ፣ ያልወለዱትን ልጅ ወለድን የሚሉ፣ ማኅተም የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ። ሆኖም ለዚህ መድኃኒቱ በር መዝጋት አይደለም። ሐሰት የሚገባው በዘገየ ወረቀት በኩል ነው። ሕፃኑ በጤና ጣቢያ ሲወለድ የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ በእጅ ሳለ፣ ጐረቤት እርግዝናውንም ልደቱንም እያወቀ፣ በወሩ የተጻፈ መዝገብ ለመዋሸት አይመችም። ከ10 ዓመት በኋላ ጉዞ ሲደርስ በጥድፊያ የሚጻፍ ወረቀት ግን ለሐሰተኛውም ለእውነተኛውም አንድ ነው። ስለዚህ ማጭበርበርን የሚጠላ ሹም ቀድሞ መመዝገብን ሊወድድ ይገባዋል። ስለ አባቱ ማንነትና ስለ ጸጥታ የሚደረግ ምርመራም ቢኖር በአባቱ ላይ ይደረግ፤ ሕፃኑ በእናቱ በኩል ያገኘው ዜግነት እስከዚያ ድረስ ሊታገድ አይገባም። አባቱን የሚጠረጥር ሹም ልጁን ወረቀት ቢያሳጣው፣ ከአገሩ ልጅ አንዱን ለአገሩ ባዕድ ማድረጉ ነው።

እንግዲህ በዳባት፣ በደባርቅና በየወረዳው ያሉ ሹሞች ሊያደርጉት የሚቻላቸው ነገር የታወቀ ነው። እናት ብቻዋን ስትመጣ ሳይመልሱ መመዝገብ፤ የእያንዳንዱን ወላጅ ዜግነት በየራሱ ማስረጃ ለይቶ መጻፍ፤ የስሙን አጻጻፍ ከወላጆቹ መታወቂያ ጋራ፣ ቀኑንም ከሁለቱ አቈጣጠር ጋራ ማስተያየት፤ የአለምዋጭ የምዝገባ ሠራተኞችና የቀበሌው ጸሓፊዎች ቀን ቈርጠው በአንድነት እንዲሠሩ ማድረግ፤ 90 ቀን ያለፈባቸውንም ዘግይታችኋል ብሎ ከማባረር ይልቅ ሕጉ ለዘገየ ምዝገባ ባዘጋጀው መንገድ መቀበል። ይህን ለማድረግ አዲስ ዐዋጅ አያስፈልግም፤ ያለውን ዐዋጅ አንብቦ መፈጸም ይበቃል።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት፣ ወላጆቹ በተለያዩ አገሮች የሚኖሩበት ልጅ ከሁለቱም ጋራ ግንኙነቱን እንዲጠብቅ በ10ኛው አንቀጽ ያዝዛል። ይህን ትእዛዝ ለመፈጸም ሥልጣን ያለው በጄኔቭና በአዲስ አበባ ያለው ሰው ብቻ አይደለም። ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ በአንዲት ትንሽ ጽሕፈት ቤት ብዕር ይዞ የተቀመጠው ጸሓፊና፣ በደብሩ የሕፃኑን ራስ በውሃ የሚያጠምቀው ቄስ ከሁሉ አስቀድመው በእጃቸው ይዘውታል። ሁለቱ ቢተባበሩ፣ ያ ሕፃን አድጎ በማናቸውም አገር በር ላይ ሲቆም፣ የማን ልጅ ነህ ሲባል የሚያሳየው አያጣም።